የትም ያልሄዱ ሚስቶች

አድቫይዘሬ ደስ ሲለው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ይሽከረከራል። የዶክትሬት ትምህርቴን የሚመራው እሱ ነው፤ ፈተናዬን የሚያርመውም፣ በየወሩ የሚከፈለኝን የሚፈቅደውም እሱ ነው። ስለዚህ እሱ ሲሽከረከር እኔም ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ያን ቀን እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ያለው ኦፊሱ ስገባ በእግሩ ወለሉን ገፋ አድርጎ አንድ ዙር ዞረና፣

"አገኘነው!" አለኝ።

"ምኑን?"

"ድጋፉ ቤተሰብ ይበትናል! አገርሽ ውስጥ እህል በሚሰጥባቸው ወረዳዎች ሚስቶች ቤታቸውን ጥለው እየሄዱ ነው። ድጋፍ በሌለበት ግን አይሄዱም። ነይ፣ እይው።"

ሄጄ አየሁት። ስክሪኑ ላይ ቀዩ መስመር ከሰማያዊው በላይ ተገትሯል። ቀዩ፣ ድጋፍ ባለበት ወረዳ ከቤታቸው የጠፉት ሚስቶች ናቸው። ወይ ጉድ! የት ሄዱ? አልኩ በሆዴ። የገጠር ሴት ልጆቿን፣ ጓሮዋን፣ ዶሮዎቿን ጥላ፣ ያውም እህል በሚመጣበት ሰሞን፣ ወዴት ነው የምትሄደው? ያን ያህል ሴት ብድግ ብሎ ቢወጣ አገር አይሰማም? እሱ ግን እስከ ጆሮው እየሳቀ፣ "ይኼ ትልቅ ፔፐር ነው፤ ያንቺም ስም ይኖርበታል" አለኝ።

እዚህ ላይ የምማረውን ልናገር፤ ሰው ሁሉ ግራ እንደተጋባ ነውና። "ኮምፒውተር ነው ወይስ ኢኮኖሚክስ?" ይሉኛል። ሁለቱም ነው። ከየቤቱ የተሰበሰበ የመረጃ ክምር ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል፤ ኮምፒውተሩ ያበጥረዋል፤ እኛ ደግሞ ከዚያ ተነሥተን የትኛው ፖሊሲ አገር እንደሚያለማ፣ የትኛው እንደሚያከስር እንናገራለን። ባሌ ለጓደኞቹ ሲያስረዳ "አገር የሚያለማ ኮምፒውተር እያሠለጠነች ነው" ይላል፤ ፌዙን ነው። እማዬ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ለሚጠይቋት ሴቶች "ድሃ ትቆጥራለች" ብላ ነው የምትመልሰው። "ቆጥራ ስትጨርስ ምን እንደምታደርገው እንጃላት" ብላ ትጨምርበታለች።

ወደዚህ ትምህርት የመጣሁት በአቋራጭ አይደለም። ፓርኪንግ ውስጥ ትኬት ቆርጫለሁ፤ አዛውንት አጥቤ አልብሻለሁ፤ በየመሀሉ ኮሌጅ ተምሬያለሁ። በዕድሜ ልጆቼ ከሚሆኑ ተማሪዎች ጋር ክፍል ስገባ "አሁን በዚህ ዕድሜሽ ምን ያደርግልሻል?" ያላለኝ የለም። ምን ያደርግልኛል! ያገሬ ጉዳይ አገሬን ረግጠው በማያውቁ ሰዎች ሲወሰን ከሩቅ ሆኜ ከምናደድ፣ እዚያው ክፍል ውስጥ ሆኜ ልናደድ ብዬ ነው። ይኸው ገባሁ። የጠበቀኝ ግን የጠፉ ሚስቶች ወሬ ሆነ።

ነገሩ የዋዛ አልነበረም። ፔፐሩ የእኔም ፈተና ነው። በኛ ትምህርት ክፍል ተማሪው የመጀመሪያ ፔፐሩን ለኮሚቴ አቅርቦ ካለፈ በኋላ ነው መመረቂያውን እንዲጽፍ የሚፈቀድለት። ካላለፈ ክፍያውም ይቋረጣል፤ አድቫይዘሩም ሊተወው ይችላል። ከእኔ ፈተና ቀጥሎ ደግሞ አድቫይዘሬ ያንኑ ፔፐር ይዞ "ድጋፉ ይቀጥል ወይስ ይቁም?" ብለው ከሚወስኑ ሰዎች ፊት ሊቀርብ ቀጠሮ ይዟል። እንግዲህ ስሜን ካኖርኩበት እኔ አልፋለሁ፤ ሴቶቹ ግን "እህሉ ትዳራቸውን በተነው" ተብሎ እህሉ ይቀርባቸዋል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እንዲህ ያለ ወሬ አንዴ ከወጣ ማን ይመልሰዋል?

ቅዳሜ ልጄን የውሃ ዋና ትምህርቷ ላይ አድርሼ ሰፈራችን ያለው ሲልቨር ስፕሪንግ ላይብረሪ ገባሁ። ላፕቶፔን ከፈትኩና መስመሮቹን ትቼ ሰዎቹን ማየት ጀመርኩ። ጥናቱ የተካሄደው እነዚያኑ ቤቶች ሁለት ጊዜ በመጠየቅ ነው፤ በመሀሉ ዓመታት አሉ። የመጀመሪያውን ዙር ሰው ከሁለተኛው ዙር ሰው ጋር የሚያገናኘው ኮምፒውተሩ ነው። የሚያገናኘው በስምና በአባት ስም ነው። ከተገናኘ "አለ" ይላል፤ ካልተገናኘ "ሄዷል"።

አንድ ቤት አየሁ። ሚስትየዋ ሄዳለች። በቦታዋ አዲስ ሴት መጥታለች። የአዲሷ ሴት የመጀመሪያ ስም ከሄደችው ጋር አንድ ነው። ዕድሜዋም የሄደችው ሴት ዛሬ ሊኖራት የሚገባው ዕድሜ ነው። ልጆቼ ናቸው ያለቻቸውም እነዚያኑ ልጆች ነው። ሌላ ቤት አየሁ፤ እንደዚያው። ሌላም አየሁ፤ እንደዚያው። ባል ሁሉ ሚስቱን ሰድዶ ስሟም ዕድሜዋም ልጆቿም አንድ የሆነች ሌላ ሴት አገባ ማለት ነው! ላይብረሪ መሆኑን ረስቼ ከት ብዬ ሳቅሁ። አጠገቤ ጋዜጣ የሚያነቡ ሽማግሌ ገልመጥ አደረጉኝ።

ሳቄ ሲበርድ ግን ተናደድኩ። ምን እንደሆነ ለማወቅ ጠንቋይ አላስፈለገኝም፤ በራሴ የደረሰ ነገር ነው።

በሎተሪ እዚህ አገር የገባን ሰሞን፣ አገሩን የለመደ አንድ ዘመዳችን "እዚህ ሚስት በባሏ ስም ነው የምትጠራው፤ አለዚያ ወረቀታችሁ ሁሉ ይጋጫል" አለን። አመንነው። ሥራ ስገባም፣ ቤት ስንከራይም በባሌ አባት ስም ተጻፍኩ። በኛ ወግ ካነበባችሁት የባሌ እህት ሆንኩ ማለት ነው። ባሌ በዚህ ያልቀለደው ቀልድ የለም፤ "እህቴ፣ እራት ደረሰ?" እያለ ያበሽቀኝ ነበር። ዜግነት ስወስድ "ስም መቀየር ትፈልጊያለሽ?" ብለው ሲጠይቁኝ ግን "እንዴታ! የአባቴን መልሱልኝ" አልኩ። አባቴ አሜሪካን ሳያያት ነው የሞተው። ስሙ ግን መንጃ ፈቃዴ ላይ ሆኖ ቤልትዌይ የሚሉትን ቀለበት መንገድ ሲዞር ይውላል።

ስለዚህ ቤታችን ውስጥ አራት ሰው አለ፤ አራቱም በየአባቱ ነው የሚጠራው። እኔ በአባቴ፣ ባሌ በአባቱ፣ እማዬ በአባቷ፣ ልጃችንም በአባቷ፣ ማለትም በባሌ። አገር ቤት ይኼ ማንንም አይገርምም። እዚህ ግን ልጄን ከትምህርት ቤት ልወስድ በሄድኩ ቁጥር፣ በር ላይ የተቀመጠችው ሴት መታወቂያዬን ታያለች፣ ኮምፒውተሯን ታያለች፣ ደግሞ እኔን ታያለች። "የልጅቷ ምኗ ነሽ?" ትለኛለች። ልጄ በዚህ ታፍራለች።

"ማም፣ ጀስት ቼንጅ ኢት። የሁሉም እናት ሴም ላስት ኔም ነው ያላቸው።"

"ምን ቆርጦኝ!"

"ኢትስ ሶ ኢምባራሲንግ" ትልና ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ትሰካለች።

ሴቶቹም የጠፉት እንደ እኔ ነው። የመጀመሪያውን ዙር መጠይቅ ያዘጋጁት የኛን ወግ የማያውቁ ሰዎች ናቸው፤ ለባልና ለሚስት አንድ የጋራ ስም ይጠይቃል። ጠያቂዎቹ ልጆቹን በለመዱት ደንብ በአባታቸው ጽፈው፣ ሚስቲቱን ግን በታዘዙት መሠረት በባሏ አባት ስም ጻፏት። በሁለተኛው ዙር ሴትዮዋ በገዛ አባቷ ስም ተጻፈች። ኮምፒውተሩ የፊተኛይቱን ፈልጎ አጣትና ሄዳለች አለ።

እስከዚህ ድረስ ገባኝ። ግን ለምን ድጋፍ ባለበት ወረዳ ብቻ? አገር ቤት ጥናቱን ካስተባበሩት አንዷ ዩኒቨርሲቲ አብራኝ የተማረች ናት። ኮል አደረግኳት።

"አንቺ ሴትዮ፣ ሚስቶቹን የት አደረሳችኋቸው?"

ጉዳዩን ስነግራት እንደ እኔ ሳቀች። ድጋፍ ባለበት ወረዳ እህሉን የሚቀበሉት ሴቶቹ ራሳቸው ናቸው፤ ለመቀበል ደግሞ በየአባታቸው ስም መታወቂያ አውጥተዋል። የሁለተኛው ዙር ጠያቂ ስምሽ ማነው ሲላት መታወቂያዋን አውጥታ አሳየችው። ድጋፍ በሌለበት ግን ጠያቂው የፊቱን ስም እንዳለ ገለበጠው። "ታዲያ ምኑ ነው የሚገርምሽ? ሴትዮዋማ እዚያው ቤቷ አለች" አለችኝ።

እዚያው ቤቷ አለች! ትዳሯን ጥላ ሄደች ያሰኛት በገዛ ስሟ መጻፏ ነው። ስልኩን ስዘጋ ደሜ ፈልቶ ነበር። ሰዎቹን እንደገና አገናኘኋቸው፤ አሁን ግን ለሚስቶቹ የአባት ስሙን ትቼ በመጀመሪያ ስም፣ በዕድሜና በልጆቻቸው። ሚስቶቹ አንድ በአንድ ወደየቤታቸው ተመለሱ። ቀዩ መስመር ወርዶ ከሰማያዊው ጎን ተኛ።

ሰኞ ለአድቫይዘሬ አሳየሁት። ወንበሩ ቆመ።

"ይኼ ሰዎቹን የሚያገናኝ የኮምፒውተር ፕሮግራም ስንት አገር ሠርቷል" አለኝ።

"በኛ አገር አይሠራም።"

"እንደዚያ ከሆነ ግርጌ ላይ ማስታወሻ እናስገባለታለን። 'በስም አመዘጋገብ ላይ ልዩነት ሊኖር ይችላል' እንልና እናልፋለን።"

ግርጌ! ግርጌ የሚያነብ ሚኒስትር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይላሉ፤ ይኼ ሰውዬ ዓይኑ ጤነኛ ነው፣ ልቡ ግን ቀጠሮው ላይ ነበር። በዕድሜ እኩያዬ ነው፤ ክፉም አይደለም፤ ልጄ ስትታመም "ሂጂ፣ ሥራው ይደርሳል" ብሎኝ ያውቃል። ያን ዕለትም በትሕትና ነው ያነጋገረኝ። "ፈተናሽ ደርሷል፤ ሌላ ፔፐር ደግሞ የለሽም። ረጋ ብለሽ አስቢበት" አለኝ። ያ ትሕትናው ነው የበለጠ ያበገነኝ።

ቤት ገብቼ ለባሌ ነገርኩት። እኔ እንድማር ድርብ ሽፍት የሚሠራው እሱ ነው፤ ስለዚህ የመናገር መብት አለው። ጫማውን እያወለቀ ሰማኝና፣ "ግርጌው ላይ ካለ አለ ነው። አሁን ስምሽን አኑሪና እለፊ፤ ዶክተር ስትሆኚ ትናገሪያለሽ። ዝም አይነቅዝም" አለኝ።

"ዝምታው አይነቅዝም፤ ዝም ያለው ሰው ነው የሚነቅዘው!"

"ኧረ ቀስ በይ፣ ከእኔ ጋር አይደለም ጠቡ።"

"የአባቴ ልጅ አይደለሁም እዚያ ወረቀት ላይ ስሜ ካለ!"

እማዬ ሶፋው ላይ ሆና ቴሌቪዥን ታይ ነበር። ድምፁን ቀነሰችው። "ምንድን ነው?"

"ምንም አይደል እማማ፣ የትምህርት ነገር ነው፤ እርስዎ ይረፉ" አላት ባሌ።

"የትምህርት ነገር በአባት ያስምላል እንዴ?"

ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳት። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝና፣ "እና አሁን ሴቶቹ የት ናቸው?" አለች።

"ቤታቸው ናቸው እማዬ።"

"ሄዱ ያለውስ ማነው?"

"ኮምፒውተሩ።"

"ምን ነክቶት?" አለችና የቴሌቪዥኑን ድምፅ መልሳ ከፍ አደረገችው። ባሌ ሳቁን መያዝ አቃተው፤ እኔም ሳልወድ ሳቅሁ። ከዚያ ወዲያ እለፊ አላለኝም።

የፈተናው ቀን ኮሚቴው ሦስት ሰው ነበር። አድቫይዘሬ፣ እሱ በተናገረ ቁጥር ራሱን የሚነቀንቅ አንድ ፕሮፌሰር፣ ሌላዋ ደግሞ ፀጉራቸው የሸበተ፣ በየአገሩ ዞረው የሠሩ የኢኮኖሚክስ መምህርት ናቸው። የሴትዮዋን ፊት ማንበብ አይቻልም፤ እፈራቸው ነበር። አድቫይዘሬ የሚጠብቀው የእሱን ቀይ መስመር ነው። እኔ ግን የመጀመሪያው ስክሪን ላይ ያስቀመጥኩት የራሴን ቤት ነው።

"ይኼ የአንድ ቤተሰብ ውጤት ነው" አልኳቸው። "ለፕሮግራሙ እንደ አንደኛ ዙር አሜሪካ የገቡበትን ዓመት፣ እንደ ሁለተኛ ዙር የዘንድሮን ስምና ዕድሜ ሰጥቼው ያወጣው ነው። ሚስት ሄዳለች። በቦታዋ የማትታወቅ ሴት ገብታለች። ሴትዮዋ ከልጅቷ ጋር ዝምድና የላትም። አሮጊቷ ደግሞ ከማንም ጋር አይዛመዱም፤ ደባል ናቸው።"

"ያሳዝናል" አለ ራስ ነቅናቂው።

"ቤቱ የእኔ ነው። የሄድኩትም እኔ ነኝ፤ የገባሁትም እኔ ነኝ። ደባሏ እናቴ ናት። ዛሬ ጠዋት የልጄን ምሳ ቋጥሬ ከዚያው ቤት ነው የመጣሁት።"

ፕሮፌሰሩ ሳቅ አለ። ሴትዮዋ አልሳቁም፤ መነጽራቸውን አውልቀው ስክሪኑን ትኩር ብለው አዩት። አድቫይዘሬ ጉሮሮውን ጠረገና፣ "ስሜቷ ይገባናል፤ ግን አንድ ቤት ማስረጃ አይሆንም" አለ።

"አንድ ቤት ብቻ አላመጣሁም" አልኩና የሁሉንም ቤት ከፈትኩላቸው። ሴትዮዋ ጠየቁኝ፤ አጥብቀው ጠየቁኝ። "ስሟና ዕድሜዋ በአጋጣሚ የገጠመ ሌላ ሴት ብትሆንስ?" አሉኝ። "ታዲያ ልጆቹን ደግማ ወለደቻቸው?" አልኩ፤ ከአፌ ካመለጠኝ በኋላ ደነገጥኩ። እሳቸው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

አድቫይዘሬ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። "እሺ፤ ያልሽው ልክ ከሆነ እኮ ግኝት የለም ማለት ነው!"

"የለም" አልኩት። "ሴቶቹ ቤታቸው ናቸው። ግኝቱ ይኼ ነው።"

"ይኼ ፔፐር አይሆንም።"

"አይሁን።"

ውጪ ቆዪ አሉኝ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። ተመልሼ ስገባ የተናገሩት ሴትዮዋ ናቸው። ፔፐሩ በዚህ መልኩ ለማንም አይቀርብም፤ የአድቫይዘሬም ቀጠሮ ይሰረዛል። የእኔን ፈተና በተመለከተ ግን ያቀረብኩት ማስተካከያ እንጂ ፔፐር አይደለም፤ ስለዚህ አላለፍኩም። በሚቀጥለው ዓመት አዲስ ፔፐር ይዤ እቀርባለሁ። አድቫይዘሬ ከእኔ ጋር መቀጠል እንደማይፈልግ ተናግሯል፤ ክፍያዬም በሴሚስተሩ መጨረሻ ይቆማል። እሱ ይኼ ሁሉ ሲነገር ስልኩን ይነካካ ነበር። ስወጣ ሴትዮዋ በሩ ድረስ ሸኙኝና፣ "የሚያስተምርሽ ካጣሽ ወደ እኔ ነዪ፤ የምከፍልሽ ግን የለኝም" አሉኝ።

ወደኛ ሰፈር የሚያሻግረው ድልድይ ላይ መኪናው ሁሉ ቆሞ ነበር፤ መሪውን ይዤ አለቀስኩ። ምን እዋሻለሁ፣ ማለፍ ፈልጌ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት የሠራሁት ለማለፍ ነው። ባሌ ሌላ ዓመት ድርብ ሽፍት ሊሠራ ነው። እንባዬን በሻሼ ጠራረግኩና የልጄ ትምህርት ቤት ደረስኩ። በር ላይ ያለችው ሴት መታወቂያዬን ተቀበለች፣ ኮምፒውተሯን አየች፣ እኔን አየች።

"የልጅቷ ምኗ ነሽ?"

"እናቷ ነኝ" አልኳት። "ባለፈው ሳምንትም እናቷ ነበርኩ፤ በሚመጣው ሳምንትም ይችው እኔው ነኝ የምመጣው። ደህና አድርገሽ እዪኝ።"

ድምፄ ሳይታወቀኝ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ ሴትዮዋ በሩን ከፈተችልኝ። ልጄ መኪና ውስጥ ገብታ ማዳመጫዋን አልሰካችም።

"ዲድ ዩ ፓስ?"

"አላለፍኩም።"

"ቢኮዝ ኦፍ ዘ ኔም ቲንግ?"

"አዎ።"

"ዛትስ ሶ ስቱፒድ" አለች በመስኮቱ ወደ ውጪ እያየች። እኔን ይሁን እነሱን አልጠየቅኳትም።

ቤት ስንደርስ እማዬ መኪናውን ሰምታ በሩን ከፍታ ጠበቀችን። ነጠላዋን አላወለቀችም፤ ከጠዋት ጀምሮ ስትጸልይልኝ እንደዋለች አይቼ አወቅሁ። አንጀቴን በላችኝ።

"አለፍሽ?"

"አላለፍኩም እማዬ።"

ፊቴን አየች። ዓይኔ እንደቀላ ነበር።

"ሴቶቹስ?"

"ቤታቸው ናቸው።"

"እሰይ፣ የአባትሽ ልጅ!" አለች። "በይ ግቢ፣ እራት ቀርቧል።"